ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ውስጥ ቡና ቆልቼ እሸጣለሁ፤ ከሀበሻ ውጪ ያለውን ገበያ በማን በኩል ልግባ?

ሙቀጫ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ትንሽ የቡና መቁያ ማሽን አለኝ። የጉጂና የይርጋጨፌ ቡና ቆልቼ በከረጢት እሸጣለሁ። ሥራው አይከፋም፤ ግን ደንበኞቼ ከሞላ ጎደል ሀበሾች ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሸጣል፣ ሠርግ ሲኖር ይታዘዛል፣ ከዚያ ጭር ይላል። ካፌዎች፣ ቢሮዎችና ትናንሽ ሆቴሎች እንዲገዙኝ እፈልጋለሁ። ግን ማንንም አላውቅም። ኢሜይል እልካለሁ፣ መልስ የለም። በቅርቡ አንድ የምግብ ባዛር ላይ ጠረጴዛዬ ጋ ቆሜ አንድ ሰውዬ "ባለቤቱ የት ነው?" አለኝ። እኔ ነኝ ስለው ፈገግ ብሎ ሄደ። ጥቁርም ሴትም ሆኜ የንግዱን ሰዎች ለመተዋወቅ ከየት ልጀምር? ጀርመንኛዬ ያግባባል፤ አርቲክሉን ግን አሁንም አምታታዋለሁ።

የማይን ዳር
እህቴ፣ መጀመሪያ ኢሜይሉን አቁሚ። ጀርመን ውስጥ ቀድሞ ላልፈቀደልሽ ሰው የማስታወቂያ ኢሜይል መላክ በሕግ ክልክል ነው። ለግለሰብ ብቻ አይደለም፤ ለድርጅትም ያው ነው። የተናደደ ሰው በጠበቃ ማስጠንቀቂያ ቢልክብሽ ወጪው አንቺ ላይ ነው የሚመጣው። ድርጅት ጋ ስልክ ለመደወልም ሰውየው ጉዳዩን ሊፈልገው ይችላል የሚያሰኝ ምክንያት ያስፈልጋል። በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከትንሽ ናሙና ጋር ላኪ። የሚገዛውን ሰው ስም ፈልገሽ በስሙ ይሁን። ካፌ ከሆነ በአካል ሂጂ፤ ጠዋት ሰልፍ ባለበት ሰዓት ሳይሆን ከሰዓት ፋታ ሲኖራቸው።

ሌላው ኢሃካ ነው፣ የንግድ ምክር ቤቱ። ንግድሽን ካስመዘገብሽ ወደድሽም ጠላሽም አባል ነሽ፤ ግዴታ ነው። ብዙዎቻችን ደብዳቤው ሲመጣ ገንዘብ ሊጠይቁን ነው ብለን መሳቢያ ውስጥ እንወረውረዋለን። ምክር ይሰጣሉ፣ የምሽት ዝግጅት አላቸው። እዚያው ፍራንክፈርት ደግሞ ጁምፕ የሚባል ሴት ነጋዴዎችን የሚያግዝ ማኅበር አለ። ሄደሽ አናግሪያቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ አሜሪካ ስኮር የሚባል ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች በነፃ ያማክራሉ። ቢያንስ 51 በመቶው የጥቁር ወይም የሌላ አናሳ ወገን ዜጋ የሆነ ድርጅት ደግሞ ማረጋገጫ ያወጣል፤ ትልልቅ ገዢዎች ከዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉታል። ጀርመን እንዲህ ያለ ነገር የለም እንዴ?

የማይን ዳር
ዝርዝሩ የለም ወንድሜ። የጀርመን መንግሥት ሕዝቡን በዘር አይቆጥርም፤ "የጥቁር ድርጅት" የሚል ማረጋገጫ ከየት ይመጣል? ጡረታ የወጡ ነጋዴዎችና ሥራ አስኪያጆች የሚያማክሩባቸው ማኅበራት ግን በብዙ ከተማ አሉ። ፔንሲዮን የወጣ ጀርመናዊ ከወደደሽ ስልኩን አንስቶ ለጓደኛው ይደውልልሻል። ከሁሉም ይሄ ይሻላል።

ግልጹን
እኔ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ጀርመናዊ ሻጭ በኮሚሽን ቅጠሪ። ስሙ ሚሻኤል ይሁን፣ ፀጉሩ ብጫ ይሁን። በሩ ይከፈትለታል። ኩራት ኪራይ አይከፍልም።

ሙቀጫ
አስቤበት አውቃለሁ። ግን ያ ሰውዬ ባዛሩ ላይ የፈለገው ይሄንኑ አይደል?

ሽማግሌው ከሐምቡርግ
ልጄ፣ ወደቡ አካባቢ በጥሬ ቡና ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁና ትንሽ ላርዝመው።

ሻጭ መቅጠር ነውር የለውም። ነገር ግን ሻጩ ሥራውን የለቀቀ ቀን ትውውቁም አብሮት ይሄዳል። አንቺ ያልተጨባበጥሽው ደንበኛ ያንቺ አይደለም። መቅጠርሽ ካልቀረ የመጀመሪያዎቹን ቀጠሮዎች አብረሽው ሂጂ። ስለ ቡናው የምትናገሪው አንቺ ሁኚ፤ እሱ ዋጋና ማድረሻውን ይናገር።

ደግሞ ሁላችሁም ገዢ ገዢ ትላላችሁ። እኔ እንዳንቺው ቡና ከሚቆሉት፣ ከሌሎች ቆዪዎች ጀምሪ እላለሁ። ትናንሽ ጀርመናዊ ቆዪዎች የኢትዮጵያ ቡና ይወዳሉ፤ ግን ከገበሬው ማኅበር ጋር የሚነጋገሩት በደላላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግ አውጥቷል፤ ቡናም ይገባበታል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተደጋግሞ ቢገፋም አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። አሁን ጉጂ ላለ ማኅበር ስልክ ደውሎ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ "ይህ ሰነድ ጎድሏል" ማለት የሚችል ሰው ፍራንክፈርት ውስጥ ስንት አለ? አንቺ ትችያለሽ። ይህን ይዘሽ ወደ አንዱ ቆዪ ብትሄጂ ለማኝ ሆነሽ አትቀርቢም። ዛሬ የረዳሽው ቆዪ ነገ የማይደርስበትን ካፌ ወዳንቺ ይልካል። ማሽንሽ የተበላሸ ቀንም የሚቆላልሽ እሱ ነው።

ኤግዚቢሽን ከሄድሽ ደግሞ መጀመሪያ ጎብኚ ሆነሽ ሂጂ። ሐምቡርግ ላይ ኢንተርኖርጋ አለ፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ሰዎች የሚገናኙበት። ኮሎኝ ላይ አኑጋ በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማንም ጊዜ የለውም፤ ወደ መዝጊያው ሲቃረብ ሰዉ ደክሞት ይቀመጣል፣ ያኔ ወሬ ይደራል። ካርድ ከተቀበልሽ በዚያው ሳምንት ጻፊ። "እዚያ ቦታ ተነጋግረን ናሙና ይላክልኝ ብለውኝ ነበር" በይ። ያኔ ኢሜይሉም አያስከስስሽም።

ከዋካ
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እኛ ሀበሾች ከሌላው አፍሪካዊ ራቅ ማለት እንወዳለን። እኔ ካሰል ነኝ፤ የጽዳት ድርጅት አለኝ። የመጀመሪያውን ትልቅ ውል ያገናኘኝ ጋናዊ ነው። ከአሥመራ የመጣው የሒሳብ ባለሙያዬም በሱ በኩል የተገኘ ነው፤ ጎረቤቴ ሆኖ አላውቀውም ነበር! እነሱ ቀድመውን መጥተዋል፣ የትኛው ባንክ እንደሚያናግር፣ የትኛው አከራይ ስም አይቶ ስልክ እንደሚዘጋ ያውቃሉ። "ባለቤቱ የት ነው?" ሲሉሽ ምን ብለው እንደሚመልሱም ጠይቂያቸው፤ የሚያስቅ መልስ አላቸው።

ሙቀጫ
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የቆዪዎቹን ነገር እርስዎ እስኪሉኝ ድረስ አላሰብኩትም፤ እንደ ተፎካካሪ ነበር የማያቸው። አንድ የማውቀው ሱቅ አለ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ። ለቢሮዎች የምልከውን ናሙና እንዴት ላድርገው? ምን ያህልስ ይሁን?

ሽማግሌው ከሐምቡርግ
ለቢሮ ሩብ ኪሎ ይበቃል። ግን አስቀድመሽ ምን ማሽን እንዳላቸው ጠይቂ። ብዙ ቢሮ ራሱ ፈጭቶ የሚያፈላ ማሽን ነው ያለው፤ ለጀበና ወይም ለፊልተር የቆላሽው እዚያ ላይ ቀጥኖ፣ ኮምጥጦ ይወጣል። ጥፋቱን ደግሞ በቡናው ነው የሚያሳብቡት። የተቆላበትን ቀን ከረጢቱ ላይ ጻፊ። ዋጋ ሲጠይቁሽ የቡና ግብሩን አትርሺ፤ በተቆላ ኪሎ 2.19 ዩሮ ነው። መጀመሪያ ረክሰሽ ገብተሽ በኋላ ብትጨምሪ ጀርመን አይወድም።

የማይን ዳር
ሐሙስ ከመሄድሽ በፊት ቀጠሮ ያዢ፤ አምስት ደቂቃም ቀደም በይ። እንዴት እንደሆነልሽ እዚሁ ጻፊልን።