«ዴሬኽ ኤሬጽ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን አንድ የዕብራይስጥ አባባል ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል፦ «ቶራ ኢም ዴሬኽ ኤሬጽ»። «ቶራ» እኛ ኦሪት የምንላት ናት (ኦሪት ራሷ ከአራማይክ የመጣች ቃል ናት)። «ኢም» ደግሞ «ጋር» ማለት ነው። ያስቸገረኝ ቀሪው ነው። ቃል በቃል «የምድር መንገድ» ይሆናል፤ ግን አያስኬድም። ዳዊት ሊሞት ሲል የምድሩን ሁሉ መንገድ እሄዳለሁ ያለው ሞቱን ነው። በሎጥ ሴቶች ልጆች ታሪክ ደግሞ ያው አነጋገር በአማርኛው «ልማድ» ተብሎ ተተርጉሟል።

አባባሉን መመሪያው ያደረገው ረቢ ሳምሶን ራፋኤል ሂርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 ጀርመን ውስጥ ሃምቡርግ ተወለደ፤ በ1888 ፍራንክፈርት አረፈ። በዘመኑ የጀርመን አይሁድ ግማሹ ሕጉ ይሻሻል ይላል፤ ሌላው ከአዲሱ ትምህርት ይሸሻል። ሂርሽ ሕጉን አጥብቆ ያዘ፤ ከዓለምም አልሸሸም። በ1851 የሞራቪያን (የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ክፍል) ዋና ረቢነት ትቶ ፍራንክፈርት ወዳለ ትንሽ ማኅበር ሄደ። በ1853 ትምህርት ቤት ከፈተ። ወንዱም ሴቷም ኦሪትና ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛና ሒሳብ እዚያው ተማሩ። ከ1867 እስከ 1878 የወጣው የኦሪት ትርጓሜውም በጀርመንኛ የተጻፈ ነው። የእያንዳንዱን ቃል ሥር እየቆፈረ ነው የሚሄደው፤ እንደኛ ቃል ወዳድ ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ነው «ዓለማዊ ትምህርት» የሚለው ትርጉም የማይዋጥልኝ። አባባሉ የተነሣበት የጥንት አበው ቃል ስለ ሥራ ነው፦ ኦሪትን መማር ከሥራ ጋር ሲሆን ያምራል፣ የሁለቱ ድካም ኃጢአትን ያስረሳል ይላል። ሂርሽ ደግሞ እንጀራውንም፣ ጨዋነቱንም፣ ትምህርቱንም፣ ከጎረቤት ጋር መኖሩንም አስገባበት።

— አንድ አንባቢ፦ «ወግ» ብንለውስ? «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ስንል ትዳሩም ኑሮውም አለበት እኮ።

— ጥሩ ብለሃል፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ጨዋነቱን «ወግ» በደንብ ይይዘዋል። ላቡ ግን የለበትም። ለላቡ «ሠርቶ ማደር» ይሻለኛል፤ ሠርቶ አዳሪ ስንል ክብሩም አብሮ አለ። እስካሁን የደረስኩበት «ኦሪት ከወግና ሠርቶ ከማደር ጋር» የሚለው ነው። ረዘመ። ግዕዝ የምታውቁ፣ ሁለቱን ባንዴ የሚይዝ ቃል አለ?