ጥቆማ፦ ለአረጋውያን ወላጆች የቤት ደረጃ፣ ባሕር ዳር ላይ ምን ይሻላል?

ብራችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ለደረጃው የእጅ መደገፊያ አሠሩ። ጫማውም እንዳያዳልጥ የሚለጠፈው ፕላስተርም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ደረጃ ከመውጣት ይልቅ መውረድ ነው አደገኛው፤ እግር ሲስት ደግሞ የሚያተርፈው እጅ የሚይዘው ነገር ነው።

ስቴይንለስ ያምራል፣ አይዝግም፣ ግን ውድ ነው። ጠፍጣፋና ሰፊ አድርገው የሚሠሩት ለዓይን እንጂ ለእጅ አይሆንም። እኔ የምመርጠው ክብ ብረት ነው፤ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ጣት ዞሮ የሚጨብጠው። ከፍታው ከደረጃው ጫፍ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሳይቀባ አትረከቡ፤ የእኛ ክረምት አይምርም። ደረጃው ውጭ ከሆነ ጥቁር ቀለም ይቅርባችሁ። በሚያዝያ ፀሐይ የጋለ ጥቁር ብረት ማን ይጨብጣል? ለቤት ውስጥ ግን ጥሩ አናጺ ካገኛችሁ የዋንዛ እንጨት ይበልጣል፤ አይግልም፣ አይቀዘቅዝም።

በያጁን በግራም በቀኝም እንዲሠራ ንገሩት። መጨረሻው ደረጃ ላይ እንዳያቆመው፣ ትንሽ አልፎ ይሂድ፤ ብዙ ሰው “አለቀ” ብሎ የሚስተው እዚያ ነው። ብሎኬት ላይ በፊሸር (ብሎን በሚይዘው ፕላስቲክ) ብቻ የታሰረ መደገፊያ ሰው ሲንጠለጠልበት ሊነቀል ይችላል፤ ኮንክሪቱን ፈልጎ ይሰር።

መብራት ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበራው አምፖልና ቻርጅ የሚደረገው አምፖል ይወዳደራሉ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሁለተኛውን ግዙ። ኤሌክትሪሺያን ከጠራችሁ አይቀር ማብሪያውን ከላይም ከታችም ያድርግላችሁ።

እንዳያዳልጥ የሚለጠፈው ፕላስተር ለቤት ውስጥ ሴራሚክ ጥሩ ነው። ውጭ ግን ሐምሌ ላይ ይላቀቃል። እብነ በረድ ወይም ቴራዞ ከሆነ ጠርዙን በግራይንደር ማስቦርቦር ይሻላል፤ ጠርዙን ቢጫ ቀለም ስትቀቡት ደግሞ ለደከመ ዓይን ይለያል። ደረጃ ላይ ያለችውን ትንሽ ምንጣፍ አንሷት።

ጫማ ከኋላ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን፤ ሸበጥ ለደረጃ አይሆንም። የምርኩዙ ጎማ ካለቀ ቀይሩት። ጋቢያቸውን እስከ መሬት ለሚጎትቱ አባቶች ግን እኔም መላ የለኝም!

ሲነሡ የሚያዞራቸው ከሆነ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪም ይያቸው። የደም ግፊት መድኃኒት እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ በራሳችሁ ግን አታስቁሟቸው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ስትሄዱ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። የማንበቢያ መነጽራቸውንም ደረጃ ሲወርዱ ያውልቁት፤ እግራቸው ሥር ያለውን ያደበዝዛል።