ስትሮክ ለመታቸው አባታችን የሚለበስ የመራመጃ ሮቦት እንግዛ ወይ?

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን የ63 ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው። ከሰባት ሳምንት በፊት ሌሊት ስትሮክ መታቸውና ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ንግግራቸው ተመልሷል፤ ሰው ይለያሉ፤ ካስቀመጥናቸው ብቻቸውን መቀመጥ ይችላሉ። የሚቆሙት ግን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሲይዛቸው ነው። አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመዱም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን ቤት ድረስ መጥቶ ያሠራቸዋል፤ የቀሩትን ስድስት ቀናት አልጋ ላይ ነው የሚያሳልፉት።

ወንድሜ የሚኖረው ዋሽንግተን ነው። ስትሮክ የመታው ሰው እግሩ ላይ ሮቦት ታጥቆ ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ካየ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ያገለገለ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው አግኝቶ ዘመድ አዝማዱን ገንዘብ እያስዋጣ ነው። እናታችንም ወርቋን ልትሸጥ ተዘጋጅታለች። መሣሪያው በእርግጥ ያራምዳቸዋል? ቤት ውስጥ እኛው ልናለብሳቸው እንችላለን? ወይስ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ብናውለው ይሻላል? ጊዜው እየሄደብን ነውና የምታውቁ ንገሩን።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ወንድምሽ ያየው ቪዲዮ እውነት ነው። ነገር ግን "የሚለበስ ሮቦት" በሚል አንድ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች ሥራቸው በጣም ይለያያል። ኤክሶ የሚባለው የካሊፎርኒያ ምርት ከወገብ እስከ እግር የሚታሰር ጠንካራ አጽም ነው፤ በዳሌና በጉልበት ላይ ያሉት ሞተሮች ገና መራመድ ያልቻለን ሰው ጭምር ያራምዳሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ለስትሮክ ሕመምተኞች ፈቅዶታል። ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደው ሪስቶር ደግሞ እንደ ልብስ ለስላሳ ነው፤ ወገብ ላይ ያለው ሞተር በቀጭን ገመድ እየሳበ የደከመውን እግር ቁርጭምጭሚት ብቻ ያግዛል። እሱ የሚጠቅመው እየተደገፈም ቢሆን ጥቂት መራመድ ለጀመረ ሰው ነው። የጃፓኑ ሃል የሕመምተኛው አእምሮ ወደ ጡንቻ የሚልከውን ደካማ ምልክት ከቆዳ ላይ አንብቦ እንቅስቃሴውን ያግዛል።

ጥቅማቸውን አልደብቅሽም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 62 ጥናቶችንና 2,440 ሰዎችን መርምሯል። የሚለበሱትንም ሆነ በአንድ ቦታ ተተክለው የሚሠሩትን የመራመጃ መሣሪያዎች ያጠቃልላል። በውጤቱም ልምምዱ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ከስምንት ሰዎች አንዱ፣ ያለ መሣሪያው የማይደርስበትን ያለ ረዳት የመራመድ ደረጃ ይደርሳል። ይበልጥ የተጠቀሙት ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ወር ያልሞላቸውና ገና መራመድ ያልቻሉ ናቸው። አባትሽ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሆኖም "ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተጣምሮ" የሚለውን አደራ ልብ በይው። የተጎዳ አእምሮ መራመድን እንደገና የሚማረው በድግግሞሽ ነው። የሮቦቱም ዋና ጥቅም ባለሙያው ወገቡ ሳይቆረጥ በአንድ ቀጠሮ ብዙ መቶ እርምጃ ማስቆጠሩ ነው። የሰለጠነ ሰው በሌለበት ቤት ሮቦቱ ብቻውን ሲቀመጥ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ወንድምሽ ያገኘው መሣሪያ የትኛው ነው? ስሙን ሳናውቅ አንድ ብር አታውጡ።

ረዳት ነርስ፣ ከእስራኤል

በአንድ የተሃድሶ ሆስፒታል ውስጥ ስለምሠራ በየቀኑ የማየውን ልንገርሽ። ሕመምተኛው ሮቦቱን ከመልበሱ በፊት የጭኑና የባቱ ርዝመት፣ የዳሌው ስፋት ይለካል። መሣሪያው በልኩ ይስተካከላል። የደም ግፊቱ ይታያል። ሐኪሙ የአጥንት መሳሳት፣ የደረቀ መገጣጠሚያ ወይም የቆዳ ቁስል አለመኖሩን ያረጋግጣል። ማሰሪያው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከቦታው ቢዛነፍ እንኳ የሮቦቱ ጉልበትና የሰውየው ጉልበት በአንድ ቦታ አይታጠፉምና ቆዳ ይላጣል፤ አጥንት የሳሳበት ሰው ደግሞ ሊሰበር ይችላል። ስትሮክ የመታው ሰው ስሜቱ ስለሚደነዝዝ ሕመሙን ላይነግርሽ ይችላል። በዚህ ምክንያት ስናወልቅለት እግሩን ዙሪያውን እናያለን። ከኋላው የሚይዘው ባለሙያ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አይለየውም።

አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። በግለሰቦች እጅ ያገለገለና ለሽያጭ የሚቀርብ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አከርካሪያቸው ለተጎዳ ሰዎች የተሠራው ዓይነት ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ሪዎክን የፈለሰፈው አሚት ጎፈር የሚባል የዚሁ የእስራኤል መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በደረሰበት አደጋ እግሮቹ ብቻ ሳይሆኑ እጆቹም ስለተጎዱ፣ በራሱ ፈጠራ ራሱ መራመድ አልቻለም። መሣሪያው ሚዛን የሚጠበቅባቸውን ሁለት ምርኩዞች በሁለት ጤነኛ እጆች መያዝን ይጠይቃልና። የአባትሽ ግራ እጅ ደግሞ አይጨብጥም። ወንድምሽ ሻጩን ይህን ይጠይቀው።

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ

እኔ የምጨምረው አጭር ነው። ባትሪው ስንት ዓመቱ ነው? ፋብሪካው ለሁለተኛ ገዢ ጥገናና የሶፍትዌር ድጋፍ ይሰጣል? የሚሸከመው የሰው ቁመትና ክብደት ስንት ነው? እነዚህ በጽሑፍ ካልተመለሱ መሣሪያው ደሴ ደርሶ በመጀመሪያው ብልሽት ዕቃ ቤት ይገባል። ከውጭ በልገሳ መጥተው መለዋወጫ አጥተው አቧራ የለበሱ ስንት ማሽኖች ከፍቼ አይቻለሁ፤ እያንዳንዳቸውን ሳይ ያዝናል ልቤ።

ከሕመሙ የተነሣ ሰው፣ ከአዳማ

እኔ ራሴ ከሦስት ዓመት በፊት በቀኝ በኩል ተመትቼ ነበር። አሁን በከዘራ እሄዳለሁ። ሮቦት አላየሁም። ያነሣኝ ወንበር ነው ብል ውሸት አይሆንም። ሐኪሙ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ደጋግመህ ሥራ አለኝ። ባለቤቴ በሁለት ሲኒ ባቄላ ትቆጥርልኝ ነበር፤ በተነሣሁ ቁጥር አንድ ፍሬ ከአንዱ ሲኒ ወደ ሌላው ታሻግራለች። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ደርበን ከፍ አደረግነው። ሲቀለኝ አንዱን አነሣን፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ስምንት ፍሬ ይዤ ጀመርኩ። በሁለተኛው ወር መቶ አለፍኩ።

ሁለተኛው ያዳነኝ የእግር ፕላስቲክ ነው። እግሬ ጣቱን መሬት ላይ እየጎተተ ይጥለኝ ነበር። ከባት እስከ ውስጥ እግር የሚይዝ፣ ጫማ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ከተሠራልኝ በኋላ ያለ ፍርሃት መራመድ ጀመርኩ። እባክሽ ደግሞ ስታነሷቸው የደከመውን እጅ አትሳቡ። እኔን ደግ ጎረቤቶቼ እየሳቡኝ ትከሻዬ ከቦታው ወጥቶ ከእግሬ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ያሠቃየኝ እሱ ነው።

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሁላችሁንም ፈጣሪ ያክብርልኝ። ወንድሜ ሻጩን ጠየቀው። ነርሷ እንደገመተችው አከርካሪው ለተጎዳ ሰው የተሠራ ነው፤ ሁለት ምርኩዝ ይፈልጋል። ወንድሜ ስልኩ ላይ አለቀሰ። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግላቸው?" አለኝ። ምን ልበለው? የአባታችን ግፊት ትናንት 150/90 ነበር። መድኃኒታቸውን አያቋርጡም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ

ለወንድምሽ ይህን ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ስትሮክ የመታቸውን 408 ሰዎች ተከታትሏል። ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ክብደት በሚያነሣ ማሰሪያ ተንጠልጥለው በመሮጫ ማሽን ላይ ተለማመዱ፤ ሌሎቹ ቤታቸው ውስጥ በፊዚዮቴራፒስት እየተመሩ የጡንቻና የሚዛን ልምምድ ሠሩ። በዓመቱ በሁለቱም ወገን የተሻሻሉት ሰዎች ቁጥር ተመሳሳይ ነበር፤ ባጠቃላይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመራመድ ደረጃቸው ከፍ ብሏል። ያ ማሽን ሮቦት አልነበረም። ቢሆንም በባለሙያ የሚመራ የቤት ልምምድ የድሃ ምትክ እንዳልሆነ ያሳያል።

ስለዚህ ለሮቦቱ የተዋጣው ገንዘብ ባለሙያውን በሳምንት አንድ ቀን ሳይሆን አምስት ቀን ያምጣ። ሌላው ጊዜ የእናንተ ነው። ባለሙያው ለአንቺና ለአንድ ጠንካራ ዘመድ አያያዙን ያሳያችሁ፤ ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ ታስሮ በእሱ ነው የሚያዙት። የአዳማው ወንድማችን ያለውን የወንበር ልምምድ ጠዋትና ማታ ሥሩ፤ የግራ እግራቸው ተረከዝ መሬት መንካቱንና ክብደታቸውን ወደ ግራ ማሳረፋቸውን ተመልከቱ፤ ሁሉም ወደ ጤነኛው ጎን ማዘንበል ይወዳል። ግፊታቸውን ሳትለኩ አትጀምሩ። 180/110 ከደረሰ የዚያን ቀን አይሥሩ፤ ለሐኪማቸው ደውሉ። የአንድ እግር ባት በድንገት ካበጠና ካመማቸው የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳታሹት ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

የእግር ድጋፉን ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሄዳችሁ ጠይቁ። ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ በእግራቸው ልክ ይሠራል፤ ዋጋው ከሮቦት ጋር በአንድ ቀን አይነሣም። መቆም ከቻሉ በኋላ አትዘግዩ።

ረዳት ነርስ፣ ከእስራኤል

እዚህ ሮቦቱ ባለበት ሆስፒታል እንኳ በሽተኛው ሮቦቱን ለብሶ የሚራመደው በሳምንት ጥቂት ቀን ነው። በቀረው ጊዜ ልክ እንደ እናንተ ከወንበር ይነሣል፤ ይቀመጣል። ወንድምሽ ይህንንም ይወቅ።

ጠያቂ፣ ከደሴ

ወንድሜ የተዋጣውን ገንዘብ ለባለሙያው ክፍያ በየወሩ ሊልክ ተስማማ። የእናታችን ወርቅ አልተሸጠም። ባለሙያው ከሰኞ ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን ይመጣል። ዛሬ ጠዋት ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ደረብን፤ እኔና አንድ ጠንካራ ዘመዳችን በቀበቶው ያዝናቸው፤ እናታችን ባቄላውን ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አባታችን ስድስት ጊዜ ተነሡ። ሰባተኛውን እንሞክር ብለው እሳቸው ናቸው የጠየቁት፤ ግፊታቸውን ለክተን ለማታ አቆየነው።