ጥያቄ፦ ወደ ፓይተን 3.13 ስቀይር የሱቁ ፕሮግራም አልነሳ አለኝ

ለገሃሬ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ነኝ። አጎቴ ታይዋን ገበያ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣሉ። ደረሰኝ የሚመዘግብ ፕሮግራም በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ሠርቼላቸው ነበር። ደረሰኙን በስልክ ያነሱታል፣ ፕሮግራሙ ፎቶው ጄፔግ ይሁን ፒኤንጂ ለይቶ ያስቀምጣል። ሁለት ዓመት ሠራ። ትናንት የድሮው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ሞተና አዲሱ ላይ 3.13 ጫንኩ። አሁን ገና ሲነሳ «ኢምጂኤችዲአር የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ ይዘጋል። የፎቶውን ዓይነት የሚለይልኝ ዝግጁ የኮድ ክፍል ነው። በዚሁ ስም በፒፕ (የፓይተን ሞጁሎች ማውረጃ) ላወርደው ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ሱቁ ከምሳ በኋላ 9 ሰዓት ይከፈታል፣ የጠዋቱ ደረሰኝ ተከምሯል። ምን ላድርግ?

አምስት በር (ሐረር)
አይዞህ ወንድሜ፣ ኮድህ አልተበላሸም። ያ ሞጁል ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። ጥቅምት 2024 በፈረንጆቹ 3.13 ሲወጣ ግን ከሌሎች ጋር ተወገደ። በአንድ ጊዜ 19 ሞጁሎች ናቸው የተወገዱት፤ ሲጂአይ፣ ክሪፕትና ቴልኔትሊብም አሉበት። ውሳኔው ፔፕ (የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ) 594 ይባላል። ያረጁ፣ ተጠቃሚያቸው የሳሳ፣ የሚንከባከባቸው የጠፋ ነበሩ።

ለዛሬ ግን 3.12ን ከ3.13 ጎን ጫን፣ አይጣሉም። የምታወርደው 3.12.10ን ይሁን። ከሱ በኋላ ያሉት የ3.12 እትሞች የዊንዶውስ መጫኛ የላቸውም፣ ምንጭ ኮድ ብቻ ነው የሚወጣው። ከዚያ በ3.12 ቬንቪ (ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የተለየ የፓይተን ማህደር) ፍጠርና ፕሮግራሙን በውስጡ አስነሳ።

ለገሃሬ
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ እያወረድኩ ነው። ግን ይሄ ሁሉ ሲሆን ማስጠንቀቂያ የለም እንዴ? የድሮው 3.11 ነበር፣ አንድም ቀን ምንም አላሳየኝም።

ሳቢያን
አለ፣ ተደብቆ ነው። ከ3.11 ጀምሮ «ይሄ ሞጁል ሊወገድ ነው» ይላል። ግን ፓይተን እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ የሚያሳየው በቀጥታ ባስነሳኸው ፋይል ውስጥ ከሆነ ነው። አንተ ሞጁሉን የጠራኸው በሌላ ፋይል ይሆናል። በማስነሻው ትእዛዝ ላይ «-ኤክስ ዴቭ» (-X dev) ጨምረህ ብታስነሳው ሁሉም ይታይሃል። አዲስ ስሪት በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥቅምት ላይ ስለሚወጣ፣ እኔ መስከረም ላይ አንዴ እንዲህ አስነሳለሁ።

ከዚራ 7
አቦ አትጨነቅ! 3.12 የደኅንነት ጥገና በፈረንጆቹ እስከ 2028 ያገኛል። እዚያው ቆይ፣ የሚሠራ ነገር አይነካም።

አምስት በር
በዚህ አልስማማም። የሱቅ ሒሳብ የያዘ ነገር ነው። ደግሞ መጫኛ ካልወጣለት ጥገናውን ዊንዶውስ ላይ እንዴት ያገኘዋል? ማስተካከያው አምስት መስመር አይሞላም። ፋይሉን በባይት ሁኔታ (እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ጥሬ ቁጥሮች) ክፈትና የመጀመሪያዎቹን ስምንት ባይቶች አንብብ። 255፣ 216፣ 255 ብሎ ከጀመረ ጄፔግ ነው። 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 ከሆነ ፒኤንጂ ነው። ሌላ ሞጁል አያስፈልግህም።

ለገሃሬ
በ3.12 ተነሳ! ተመስገን። አንድ ነገር ልጨምር፤ አንዳንድ ትክክለኛ የጄፔግ ፎቶ ድሮም «አላውቀውም» ይለኝ ነበር። ስልኩ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ሳቢያን
ስልኩ አይመስለኝም። የድሮው ሞጁል ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ባይት ላይ «ጄኤፍአይኤፍ» ወይም «ኤግዚፍ» የሚሉትን ፊደላት ይፈልግ ነበር። 3.11 ላይ የሚያውቀው አንድ የፋይል መነሻ ተጨመረለት እንጂ፣ እነሱ የሌሉበትን ፎቶ ብዙውን ጊዜ አያውቀውም። የእህታችን መንገድ መነሻውን ብቻ ስለሚያይ ይቀበላቸዋል።

ለገሃሬ
ማታ ቁጭ ብዬ በባይት ቀየርኩት፣ አሁን በ3.13 እየሠራ ነው። እምቢ ይሉ የነበሩትን ሦስት ደረሰኞች መልሼ ሞከርኩ። ሦስቱም ገቡ። ዛሬ አጎቴ ከወረቀት ደብተሩ ላይ ሰርዘዋቸዋል።