የባሕር እግረኛ ጦርን የሚያጓጉዙ የሄሊኮፕተር ስኳድሮኖች ለምን ለብቻ ይደራጃሉ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ለባሕር እግረኛ ጦሯ ለማሪን ኮር የራሱን የሄሊኮፕተር ስኳድሮኖች (የበረራ ክፍሎች) ፈቅዳለታለች፤ ብሪታንያም የባሕር እግረኛ ወታደሮቿን፣ የሮያል ማሪን ኮማንዶዎችን፣ የሚያመላልሱ ስኳድሮኖችን ያቋቋመችው በባሕር ኃይሏ ሥር ነው። ሁለቱም አገሮች በርካታ ሄሊኮፕተሮች ያሏቸው ሌሎች የጦር ክፍሎች እያሏቸው ይህን ተጨማሪ ወጪ ለምን እንደመረጡ ሊገባኝ አልቻለም። የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር መርከብ ላይ ማረፍ እስከቻለ ድረስ፣ ማሪኑን አሳፍሮ የብስ ላይ ማድረስ ምን ያቅተዋል? ስኳድሮኑ ከመርከብ ወርዶ የብስ ላይ ሲሰፍርስ ሥራውን እንዴት ይቀጥላል? በተለይ በእኛ ቀጣና የተፈጸመ ምሳሌ የሚያውቅ ሰው ቢያብራራልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

1ኛ መልስ፦

ጥያቄዎ መሠረታዊ ስለሆነ ከመነሻው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች ያካሄደችውን የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ የተመለከቱት የማሪን ኮሩ ጄኔራል ሮይ ጋይገር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደተለመደው መርከቦችን በአንድ ዳርቻ ፊት ለፊት አከማችቶ ጦር ማውረድ ከእንግዲህ ለጅምላ ጥፋት እንደሚዳርግ ለበላይ አለቃቸው አሳሰቡ። መርከቦቹ እርስ በርስም ከዳርቻውም ተራርቀው ይቁሙ ከተባለ ወታደሩን በፍጥነት የሚያሻግር መጓጓዣ ያስፈልግ ነበርና፣ በ1947 መጨረሻ ኤችኤምኤክስ-1 የተባለው የሙከራ ስኳድሮን በኳንቲኮ ተቋቋመ። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በገባበት በ1951 ደግሞ ኤችኤምአር-161 የተባለው ስኳድሮን 224 ማሪኖችን ከነትጥቃቸው በዚያው በኮሪያ ኮረብታ 884 ላይ አወረደ።

የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር መርከብ ላይ ማረፍ ይችላል፤ የሚከብደው እዚያ ለወራት መኖሩ ነው። የባሕር ጨው ሞተሩንና አካሉን ስለሚበላ አሠራሩ ዝገትን የሚቋቋም መሆን፣ ከበረራ በኋላም በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይኖርበታል። ተሽከርካሪ ክንፎቹ ካልታጠፉ በመርከቡ አሳንሰር ወርዶ ሃንጋር አይገባም፤ ያልታጠፈ ሄሊኮፕተር የሌሎችን ቦታ ይይዛል። አብራሪው በጨለማ፣ በማዕበል በሚወዛወዝ ወለል ላይ ማረፍን መልመድ አለበት፤ ማሪኖቹም ከዚያው ስኳድሮን ጋር ሌሊት መሳፈርንና መውረድን ደጋግመው ካልተለማመዱ በግዳጁ ቀን ሁሉ ነገር ይዘገያል።

2ኛ መልስ፦

በቀጣናችን የተፈጸመ ምሳሌ ለጠየቁት፣ ከታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. የሞቃዲሾ ዘመቻ የተሻለ አላውቅም። የዚያድ ባሬ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበበት በዚያ ወቅት በከተማዋ ውጊያ ተፋፍሞ ስለነበር፣ በአሜሪካ ኤምባሲ የተጠለሉ ሰዎች በአየር ማረፊያውም በወደቡም መውጣት አልቻሉም። አምባሳደሩ እርዳታ ሲጠይቁ፣ በባሕረ ሰላጤው ቀውስ ምክንያት በኦማን አካባቢ ከነበሩት መርከቦች መካከል ጉዋምና ትሬንተን ወደ ደቡብ አቀኑ።

የኤምባሲው ሁኔታ ከቀን ወደ ቀን እየከፋ በመሄዱ መርከቦቹ እስኪቀርቡ መጠበቅ አልተቻለም። ታኅሣሥ 27 ከንጋት በፊት፣ መርከቦቹ ገና 466 የባሕር ማይል፣ ማለትም ወደ 860 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሳሉ፣ ሲኤች-53ኢ የተባሉ ሁለት ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች 60 ያህል ማሪኖችንና የባሕር ኃይል ልዩ ወታደሮችን ይዘው ተነሡ። ይህን ያህል ርቀት መብረር የቻሉት በውቅያኖሱ ላይ በጨለማ ኬሲ-130 ከተባለ ነዳጅ አቅራቢ አውሮፕላን አየር ላይ ሳሉ ነዳጅ እየቀዱ ነው። ሞቃዲሾ ሲደርሱ፣ የያዙት ካርታ የቆየ በመሆኑ የኤምባሲውን አዲስ ግቢ ወዲያው ማግኘት ተቸግረው ነበር። ጠባቂዎቹን አውርደው 61 ሰዎችን አሳፍረው ተመለሱ። በዚያው ዕለት እኩለ ሌሊት ገደማ፣ መርከቦቹ ወደ ዳርቻው ከቀረቡ በኋላ፣ ሲኤች-46 የተባሉ መካከለኛ ሄሊኮፕተሮች በአራት ዙር፣ አብራሪዎቻቸው የሌሊት ማያ መነጽር አድርገው የቀሩትን አወጡ። ከ30 አገሮች የመጡ 281 ሰዎች ዳኑ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሲኤች-46 በአየር ላይ ነዳጅ መቅዳት አለመቻሉ ነው። ከሩቅ የሚደርሰው ትልቁ ሄሊኮፕተርና ከቅርብ በብዛት የሚመላለሰው መካከለኛው በዚያው የመርከብ ቡድን ላይ ባይኖሩ ኖሮ፣ አዛዡ አንዱን ቀድሞ ልኮ ሌላውን ለማታ የማቆየት ምርጫ አይኖረውም ነበር። ማሪን ኮር ለባሕር ጉዞ የሚያሰማራውን ስኳድሮን ከልዩ ልዩ ዓይነት ሄሊኮፕተሮች የሚያደራጅበት ምክንያትም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

3ኛ መልስ፦

ከላይ በተሰጡት መልሶች እስማማለሁ፤ ሆኖም ስኳድሮኑ የማን መሆኑ ብቻውን ዋስትና ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። ብሪታንያ ከአርጀንቲና ጋር በተዋጋችበት በ1982 የፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት፣ ግንቦት 25 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ አትላንቲክ ኮንቬየር የተባለችው የጭነት መርከብ በኤግዞሴ ሚሳይል ስትመታ፣ የብሪታንያ ባሕር ኃይል ስድስት ዌሴክስ ሄሊኮፕተሮችና የአየር ኃይሉ ሦስት ቺኑኮች አብረው ተቃጠሉ። ከቺኑኮቹ በዚያ ሰዓት በረራ ላይ የነበረው አንዱ ብቻ ተረፈ። ከዚህ የተነሣ የሮያል ማሪን 45ኛው ኮማንዶ ክፍል ጦሩ ካረፈበት ከሳን ካርሎስ ወደ ደሴቶቹ ዋና ከተማ ወደ ስታንሊ የሚወስደውን ረጅም መንገድ ከባድ ሸክም ተሸክሞ በረግረጉ ላይ በእግሩ ተጓዘ። ሄሊኮፕተርን በጥቂት መርከቦች ላይ ማከማቸት የሚያስከትለው አደጋ ይህን ያህል ነው።

የብስ ላይ ስለመስፈር ለጠየቁት ደግሞ ቦርኔዮን ይመልከቱ። ብሪታንያ ከኢንዶኔዥያ ጋር በተፋጠጠችባቸው በፈረንጆቹ የ1960ዎቹ ዓመታት፣ 845ኛው የባሕር ኃይል ስኳድሮን በሳራዋክ ጫካ ውስጥ ናንጋ ጋት በተባለ የወንዞች መገናኛ ላይ ሰፍሮ ወታደርና ስንቅ ያመላልስ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ የስኳድሮኑን አቅም የሚወስኑት ነዳጅ፣ መለዋወጫና ሜካኒኮች ናቸው፤ መርከቡ ላይ በእጅ የነበረው ሁሉ አሁን ተጓጉዞ መምጣት አለበት። ስለዚህ ስኳድሮኑ ከነጥገና ሠራተኞቹና ከነድንኳኑ ለመውረድ አስቀድሞ መሠልጠን ይኖርበታል።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ በሲኤች-46 ቦታ የገባው ኦስፕሬይ የሁለተኛውን መልስ ሰጪ ክርክር አይለውጠውም?

2ኛ መልስ ሰጪ፦

በከፊል ይለውጠዋል። ኦስፕሬይ እንደ ሄሊኮፕተር ተነሥቶ እንደ አውሮፕላን ስለሚበርና በአየር ላይ ነዳጅ ስለሚቀዳ፣ በሞቃዲሾ ሁለት ዓይነት ሄሊኮፕተር የተካፈለውን ሥራ ብቻውን ሊወጣው ይችላል። ነገር ግን ከባድ መሣሪያና ተሽከርካሪ አንጠልጥሎ ለመውሰድ አሁንም ሲኤች-53 ያስፈልጋል፤ ወታደሩ በሚወርድበት ቦታ ላይ ጥበቃ የሚያደርጉት ተዋጊ ሄሊኮፕተሮችም በፍጥነት ከኦስፕሬይ እኩል መሄድ አይችሉም። በዚያ ላይ የሞተሩ ትኩስ ጭስ ወደ ታች ስለሚወጣ የመርከቡን ወለል ከሙቀት መከላከል ግድ ሆኗል።