የጋራ ማሽኑ ጋይድ፦ ለጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ የጠረጴዛ መጋዙ ጋይድ፣ ማለት እንጨቱ ተደግፎ የሚቆረጥበት፣ በራሳችን ይሠራ ተብሎ ተወስኗል። ለቅዳሜ አንድ ገጽ አዘጋጁልኝ። ልክና ዕቃ ብቻ። አሮጌውን ማን አጣመመው የሚለውን አሁን አታንሱብኝ።

ብየዳ ክፍል፦ አንጎላሬ (ባለ ኤል ቅርጽ ብረት) 60×60×6፣ 150 ሴሜ ጋይዱ ለሚሄድበት ሐዲድ፣ 35 ጋይዱን ሐዲዱ ላይ ለሚይዘው ጭንቅላት። ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) 50×50×3፣ 150 ሴሜ፣ ይኼም ለሐዲዱ። ለጋይዱ ራሱ 80×40×3፣ 90 ሴሜ። አንጎላሬው በአራት ባለ 10 ብሎን ከጠረጴዛው ፊት ይታሰራል፤ ቀዳዳው ወደ ላይና ወደ ታች ረዘም ይበል። ቱቦላሬው አንጎላሬው ላይ፣ ከጠረጴዛው 25 ሚሜ ርቆ ይቀመጣል። የጭንቅላቱ አንድ ጎን፣ የታችኛውን አንጎላሬ እንዳይነካ 10 ሚሜ ተቆርጦለት፣ በዚያ ክፍተት ይወርዳል፤ እሱ ላይ በ30 ሴሜ ርቀት ሁለት ባለ 8 ብሎን ከነመቆለፊያ ዳዶው። ከፊት ያለው እጀታ ሲጫን ካሙ (ሲዞር የሚገፋው ክብ ብረት) ብሎኖቹን ከቱቦላሬው ጀርባ ጋር ያጣብቃል። መጀመሪያ በፑንታ (በነጠብጣብ ብየዳ) ብቻ ይያዝ፣ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) ይታይ፣ ከዚያ ግራ ቀኝ እያፈራረቁ መበየድ ነው። አንዱን ወገን ባንድ ትንፋሽ ከጨረሳችሁት ይጎትተዋል።

በርና መስኮት ክፍል፦ ከፍታውን ረሳኸው። የቱቦላሬው አናት ከጠረጴዛው ገጽ 4 ሚሜ ዝቅ ይበል። የጭንቅላቱ 6 ሚሜ ሲጨመር ጋይዱ 2 ሚሜ ከፍ ብሎ ይሄዳል፣ ሰጋቱራ አያስቸግረውም። ፊቱ ላይ የሚታሰረው ኤምዲኤፍ ግን ጠረጴዛውን ለመንካት ጥቂት እስኪቀረው ይውረድ፤ አለዚያ ፎርማይካ ስትቆርጡ ከሥሩ ይገባል።

ቁምሳጥን ክፍል፦ ሐዲዱ ላይ ሜትር ይለጠፍ። በየቆረጣው ሜትር መዘርጋት ሰልችቶናል።

በርና መስኮት፦ አይለጠፍም። ዲስክ በተቀየረ ቁጥር ዜሮው ይሄዳል። 3.2 የሚበላውን አውጥታችሁ 2.6 ስታስገቡ ማን ነው የሚያስተካክለው?

ቁምሳጥን ክፍል፦ ጭንቅላቱ ላይ ሆኖ ሜትሩን የሚያሳየው ጠቋሚ በሁለት ብሎን ይላላል፣ ይጠብቃል። ይኼ ምን ይከብዳል?

ገንዘብ ያዥ፦ ሜትሩን ማን ያዋጣል? የማኅበሩ አንድ ነው፣ እሱም አይቆረጥም።

ዕቃ ግዢ፦ አምስት ሜትሩ ርካሽ ነው፣ እገዛለሁ። ካሙንም እኔ አስቀርጻለሁ።

በርና መስኮት፦ ነገሩ ብሩ አይደለም። ረጅሙ ሰው ከላይ አይቶ 61 ይላል፣ አጭሩ ከጎን አይቶ 60.8። ባለፈው የበሩ ሥራ ለምን እንደተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን።

ቁምሳጥን ክፍል፦ የበሩን ነገር አሁን ምን አመጣው? የተመለሰው የእናንተ ክፍል የቆረጠው ነው። ጠቋሚው ፕላስቲክ ላይ በመርፌ የተጫረ ቀጭን መስመር ይሁን፣ ፕላስቲኩም ሜትሩን ይንካ። ያኔ ረጅምም አጭርም አንድ ነገር ያነባል።

ሰብሳቢ፦ ሁለታችሁም ተዉ።

በርና መስኮት፦ እሺ ይለጠፍ። ግን የመጀመሪያው ቁራጭ በካሊበር (ጥቃቅን ልክ በሚለካው መሣሪያ) ሳይለካ ሁለተኛው አይቆረጥ ተብሎ ይጻፍ።

ቁምሳጥን ክፍል፦ ይጻፍ።

ብየዳ ክፍል፦ ስለ ሜትር ስትጨቃጨቁ ዋናው ቀረ። ጋይዱ የሚስተካከለው ጠረጴዛው ላይ በዲስኩ ጎን ከተቆፈረው ቦይ ጋር ነው፤ ዲስኩም ቀድሞ ከዚያው ቦይ ጋር ይስተካከል። ጋይዱ ከኋላ ከዲስኩ 0.2 ሚሜ ገደማ ይከፈት፣ ከዚያ አይብለጥ። ወደ ዲስኩ ከጠበበ የኋላው ጥርስ እንጨቱን አንስቶ ቆራጩ ላይ ይወረውረዋል። ባለ 8ቱ ብሎን አንድ ዙር 1.25 ሚሜ ይሄዳል። ሩብ ዙር ስታዞሩ 80 ሴሜ ላይ ያለው የጋይዱ ጫፍ 0.8 ሚሜ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። የቀረው 4.5 ሜትር የማን ነው?

ቁምሳጥን ክፍል፦ ለማሽኑ ባለ ጎማ እግር ይሠራበት። በየጊዜው ለአራት መሸከም ቀረ።

ብየዳ ክፍል፦ ጎማው ፍሬን ያለው ካልሆነ እየቆረጣችሁ ማሽኑ ይሄዳል።

በርና መስኮት፦ እግሩ ይቅደም። ጋይዱን እስከዚያ በቀጥ ያለ ጣውላና በሞርሳ እንችላለን።

ሰብሳቢ፦ ዕቃ ግዢ፣ የካሙ ነገር የት ደረሰ?

ሰብሳቢ፦ ዕቃ ግዢ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልኩ አይነሳም።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ለቅዳሜ የማቀርበው፦ አንደኛ ባለ ጎማ እግር፣ ፍሬን ያላቸው አራት ጎማዎች። ሁለተኛ ካሊበር። ሦስተኛ ጋይድ፣ ካሙ ሲገኝ።

ቁምሳጥን ክፍል፦ ሜትሩስ?