የጀልባዬ የኋላ ሳንቃ ውሃ ያንጠባጥባል፤ አዲሱን ሞተር ልስቀል ወይስ ልቆይ?

ሰማያዊዋ ጀልባ፦

ሰላም ለሁላችሁ። 4.3 ሜትር የምትረዝም የፋይበርግላስ ጀልባ አለችኝ። ከአባቴ ነው ያገኘኋት። ሞተር ማስነሳት የተማርኩት እሷ ላይ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ሸራው ተቀዶ ኖሮ ዝናብ ሲገባባት ከርሟል።

አሁን ላድሳት ቆርጬ ተነስቻለሁ። ወንበሮቹን አወጣሁ፣ የወለሉን ቀለም ፋቅኩ። የድሮው ሞተር 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱ ስትሮክ ነበር፤ ነክሶ ቀርቷል። በምትኩ 25 ፈረስ ጉልበት ፎር ስትሮክ ገዝቻለሁ። እስካሁን ከካርቶኑ አላወጣሁትም።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የድሮው ሞተር ከኋላ ሳንቃው ጋር የታሰረባቸውን አራት ብሎኖች ስፈታ ከታችኛው ቀዳዳ ቡናማ ውሃ ወረደ። ሁለት ቀን ሙሉ ጠብታው አልቆመም። ሳንቃው ከውጭ ሲታይ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ አንድም ስንጥቅ የለውም። አንድ ጓደኛዬ «ቀዳዳውን ድፈነውና ስቀለው» ይለኛል። እኔ ግን ልቤ እሺ አላለም። እናንተ ምን ትላላችሁ? መከፈት ካለበትስ ከውስጥ ነው ከውጭ?

ቀዛፊ፦

ወንድሜ፣ አትድፈነው። ከደፈንከው ውሃው እዚያው ይታሰራል እንጂ አይደርቅም።

መጀመሪያ ጉዳቱ የት ድረስ እንደሄደ እወቅ። ትንሽ መዶሻ ይዘህ ሳንቃውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልክ አንኳኳ። ጤነኛው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። የበሰበሰው እርጥብ ከረጢት የመታህ ያህል ድፍን ይላል። ቀጥሎ ከውስጥ በኩል በ5 ሚሊሜትር ፑንታ አምስት ስድስት ቦታ ብሳ። የውጩን ፋይበርግላስ እንዳትበሳው ፑንታው ላይ ቴፕ ጠምጥመህ ጥልቀቱን ለካ። ደረቅና ነጣ ያለ ፍርፋሪ ከወጣ ደስ ይበልህ። ጥቁር ጭቃ ከወጣ መክፈት ነው።

አሮጌ መልህቅ፦

ልጄ፣ ልብህ እሺ ያላለው እውነቱን ነው። እኔ የሦስት ጀልባ ሳንቃ ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያዋን ግን እንደ ጓደኛህ ምክር ደፍኜ ነበር የሰቀልኩት። ሁለት ወር ሠራች። አንድ ቀን መሃል ውሃ ላይ ጋዝ ስሰጥ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያዘነብል አየሁት። ሳንቃው እንደ ካርቶን ይታጠፍ ነበር። ልጄ ከፊት ተቀምጧል። ሞተሩን በገመድ ከመቀመጫው ጋር አስሬ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቼ ዳር ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ለሳንቃ የሚወጣ ጊዜ አይቆጨኝም።

ከውጭ ስንጥቅ አለማየትህ አያጽናናህ። ሳንቃው በሁለት የፋይበርግላስ ቆዳ መሃል የታሸገ ኮምፔንሳቶ ነው። ውሃ የሚገባው በብሎን ቀዳዳ፣ በታችኛው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ፣ አንዳንዴም የጥልቀት መለኪያ በታሰረባት ትንሽ ቪቴ በኩል ነው። አንዴ ከገባ በእንጨቱ ንጣፎች መሃል ለመሃል ይሄዳል።

የምትከፍተው ከውስጥ ነው። የውጩ ቆዳ የጀልባዋን ቅርጽ ይዞ ይቆይልሃል፣ ቀለሙም አይነካም። የውስጡን ቆዳ ስትቆርጥ ዙሪያውን 6 ሴንቲሜትር ያህል አስቀር፤ አዲሱን ሥራ የምታያይዘው እዚያ ላይ ነው። የበሰበሰው እንጨት በመሮ ብቻ ይወጣል። ጤነኛው አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም ግማሹን ልተወው አትበል። ለግሪንደሩ ደህና የአቧራ ማስክ፣ መነጽርና ረጅም እጅጌ ልብስ ያስፈልግሃል። የመስታወት አቧራ ለሳንባ አይሆንም።

ከፍተህ ሳለ ወለሉ ሥር ለመንሳፈፊያ የተሞላውን ፎምም እይ። ውሃ የጠጣ ፎም ጀልባን ያከብዳል። 100 ሊትር ውሃ ከያዘ 100 ኪሎ ትርፍ ጭነት ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ተሳፍሮ የማይወርድ ማለት ነው።

ሁሉም በደንብ ይድረቅ። አትቸኩል። ከዚያ በካርቶን ልክ አውጣ። ሁለት ባለ 18 ሚሊሜትር የማሪን ኮምፔንሳቶ እርስ በርስ አጣብቀህ የድሮውን ውፍረት ታገኛለህ፤ አስቀድመህ ግን የራስህን ለካ። ማሪን ስለተባለ አይበሰብስም ማለት አይደለም። ሙጫው ውሃ ይችላል፣ በንጣፎቹ መሃልም ክፍተት የለውም። ስለዚህ የእንጨቱን ጠርዝና ቀዳዳ ሁሉ በሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠጥር ፈሳሽ ሙጫ፣ ማሸግ የአንተ ሥራ ነው።

ሬዚኑን ኢፖክሲ አድርገው። ጀልባዋ በተሠራችበት አሮጌ ፖሊስተር ሬዚን ላይ ኢፖክሲ አጥብቆ ይይዛል። በደረቀ ኢፖክሲ ላይ ግን ፖሊስተር በቅጡ አይያዝም፤ አንዴ በኢፖክሲ ከጀመርክ በዚያው ጨርስ። የተለመደውን የተበተነ የመስታወት ክር ምንጣፍም ተወው። ክሮቹን የያዘው ማጣበቂያ በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን እንዲሟሟ ነው የተሠራው፤ ኢፖክሲ አያሟሟውም። የተሸመነውን ጨርቅ ተጠቀም።

መጀመሪያ ሁለቱንም ገጽ በቀጭኑ ሬዚን አርጥብ። ከዚያ በሲሊካ ዱቄት ያወፈርከውን ቀብተህ ግጠም። ስታጠብቀው ሙጫው በጠርዙ ትንሽ ፈሰስ ሲል አቁም። ከልክ በላይ ከጨመቅከው ሙጫው ሁሉ ወጥቶ መገናኛው ደረቅ ይቀራል። የቀላቀልከውን ሬዚንም በጠባብ ኩባያ ይዘህ አትቆይ። እኔ አንዴ ስልክ ላነሳ ዞር ስል ኩባያው ጭስ አወጣ። ሰፊና ዝርግ ዕቃ ላይ ካፈሰስከው ሙቀቱ ይበተንለታል።

ሰማያዊዋ ጀልባ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የነገሩኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀዛፊ እንዳለኝ በሳሁ፤ ከስድስቱ ቀዳዳ አራቱ ጥቁር ጭቃ አወጡ። ከፍቼዋለሁ። የታችኛው ግማሽ በእጄ ነው የወጣው። አባቴ ከዚህ ጋር ስንት ዓመት እንደነዳት ሳስብ ሆዴ ባባ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የድሮው ሞተር 36 ኪሎ ነበር፣ አዲሱ 60 ገደማ ነው። ቁመቱንስ በምን አውቃለሁ? ሳንቃውን እንደ አዲስ ስለምሠራው አሁን ማስተካከል እችላለሁ።

ማዕበል፦

ወንድሜ፣ ጥሩ ጊዜ ጠየቅህ። ከእንጨቱ በፊት ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ ጀልባዋ ላይ የአምራቹ ሰሌዳ ካለ ከፍተኛውን ጉልበትና ክብደት ይነግርሃል። 25 ፈረስ ጉልበት ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንቃውን ማጠንከር ብቻውን አያድንህም። ሁለተኛ፣ የሞተሩ እግር አጭር ነው ረጅም? አጭሩ 38 ሴንቲሜትር ለሚሆን ሳንቃ ነው፣ ረጅሙ ለ51። የምትለካው ሞተሩ ከሚቀመጥበት ጫፍ እስከ ጀልባዋ ሆድ ድረስ ነው።

ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላ ትጀምር። ሞተሩ በጣም ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስብና ዙሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። በጣም ከወረደ እግሩ ውሃውን እየጎተተ ኃይል ይበላል።

ለጨመረው 24 ኪሎ ባትሪውንና የነዳጅ ታንኩን ወደ ፊት ውሰዳቸው። እኔ ታንኩን ከመቀመጫው ፊት ሳደርገው አፍንጫዋ ወዲያው ወረደልኝ።

የብሎኑን ቀዳዳ በአንድ ጊዜ በልኩ አትብሳ፤ ይህን አደራ እልሃለሁ። መጀመሪያ ሰፋ አድርገህ ብሳ፣ በወፍራም ኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሃሉን በብሎኑ ልክ ብሳ። ያኔ ብሎኑ ዙሪያውን እንጨት አይነካም። ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው የሚያገኘው ኢፖክሲ ነው። ብሎኖቹ 316 አይዝጌ ይሁኑ፤ ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ አድርግባቸው።

ደግሞ የድሮ ታንክህ ውስጥ ዘይት የተቀላቀለ ቤንዚን ካለ ለአዲሱ ሞተር አትስጠው። ፎር ስትሮክ የራሱ የዘይት ቋት አለው። ታንኩን እጠበው፣ የቤንዚን ቱቦውን ቀይረው፣ መሃል ላይ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ አስገባ።

ሰማያዊዋ ጀልባ፦

ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ዛሬ ውሃ ላይ ወጣች።

ሰሌዳዋ እስከ 30 ፈረስ ጉልበት ይፈቅዳል፤ ሳነበው ትልቅ እፎይታ ነበር። ከፎሙ ውስጥ ስንት ውሃ እንደወጣ አልለካሁም፣ ግን ሁለት ሆነን ማንሳት ያቃተንን ቁራጭ አውጥቻለሁ። ኢፖክሲው ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ይተዋል፤ መጀመሪያ በካርታ ቬትራ ስሞክረው ወረቀቱን ደፈነብኝ። በንጹህ ውሃና በሻካራ ስፖንጅ ካጠብኩት በኋላ ነው በደንብ የተፋቀው። ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሞተሩን መጀመሪያ በውሃ በርሜል ውስጥ አስነሳሁት። ከጎኑ የምትወጣዋ የማቀዝቀዣ ውሃ ቀጥ ብላ እስክትፈስ ትንፋሼን ይዤ ነበር። መመሪያው ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ቀስ በል ስለሚል አንደኛውን ሰዓት ከግማሽ ጋዝ አላለፍኩም። በሁለተኛው ሰዓት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ሙሉ ጋዝ ሰጠሁት። ሁለት ሰው ሆነን በደቂቃ 5,300 ዙር ደረሰ። የተፈቀደው ከ5,000 እስከ 6,000 ስለሆነ ፕሮፔለሩን አልቀይረውም። የማጥፊያ ገመዱ እጄ ላይ ታስሯል፤ አንዴ ስቤ ሞከርኩት፣ ወዲያው ጠፋ።

ዳር ስንደርስ ወደ ኋላ ሄድኩና እጄን ከብሎኖቹ ሥር አስገብቼ ዳበስኩ። ደረቅ ነው።